ጡረታም እንደ ጊፋታ ቀኑ የታወቀ ነው

ወላይታ ውስጥ «ጊፋታ ሳላስበው ደረሰብኝ» የሚል አባወራ አይገኝም። በዓሉ መስከረም ላይ ይውላል፤ ዝግጅቱ ግን ከወራት በፊት የተጀመረ ነው። ወንዶቹ በቡድን ሆነው ለሰንጋ መግዣ በየጊዜው ያዋጣሉ። ሴቶቹ ቅቤ ያጠራቅማሉ። ኑሮ የከበደው ሰው እንኳ በትንሹም ቢሆን አንድ ቡድን ውስጥ ይገባል፤ ቀኑ ሲደርስ ልጆቹ የጎረቤት ጭስ እያዩ እንዲውሉ አይፈልግምና። ለዚህ ሕዝብ ቁጠባን ማስተማር አያስፈልግም።

ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ሌላ ነገርም አለ። የመንግሥት ሠራተኛ ሲቀጠር የትውልድ ዘመኑን ቅጽ ላይ ይሞላል። በዚያ ላይ 60 ሲደመር ጡረታ የሚወጣበት ዓመት ይገኛል። የሠላሳና የአርባ ዓመት ማስጠንቀቂያ የተሰጠበት ቀን ነው። ይህን ቀን ግን ብዙ ሰው «ድንገት መጣብኝ» ይለዋል።

የሚከተለው የአንድ የሶዶ መምህር ታሪክ ነው። የአንድ ሰው ይምሰል እንጂ የብዙዎች ነው።

•••

መምህሩ 55 ዓመት የሞላቸው በ2018 ዓ.ም ነው። ማስተማር የጀመሩት በ24 ዓመታቸው፣ በ1987 ዓ.ም፣ ከሶዶ ራቅ ያለ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። ያን ጊዜ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን አልነበረም፤ በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ነበር፣ የዞኑ ማዕከልም አርባ ምንጭ። በ1993 ዓ.ም ወላይታ ለብቻው ዞን ሆነ። መምህሩም በዚያው ዓመት ወደ አረካ ተዛወሩ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ወደ ሶዶ። በ2015 ዓ.ም የቀድሞው ደቡብ ክልል ተከፋፍሎ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆነች። መምህሩ ያው ጠመኔ ይዘው ከሰሌዳው ፊት እንደቆሙ ናቸው። መዋቅሩ ግን በላያቸው ተቀያየረ። ደብዳቤዎቻቸውም ከመዝገብ ቤት ወደ መዝገብ ቤት ሲጓዙ ኖሩ።

ስለ ጡረታ ማሰብ የጀመሩት በችግር ምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም በወላይታ ዞን መምህራንና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ለወራት ደመወዝ ሳይከፈላቸው መቆየቱ በሰፊው የተዘገበ ነው። በዚያ ሰሞን በየመምህራን ማረፊያው የሚነሳው ወሬ አንድ ነበር፤ «ከዚህስ ጡረታዬን ይዤ ብወጣ ይሻላል።» ሕጉም በር ይከፍታል። 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሠራተኛ ከመውጫ ዕድሜው አምስት ዓመት ቀድሞ፣ በ55 ዓመቱ፣ በፈቃዱ ጡረታ መውጣት ይችላል። መምህሩ ሁለቱንም ያሟላሉ። የጎደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቢወጡ ስንት እንደሚያገኙ አያውቁም። የሚጠይቁትም ሰው አላገኙም።

በሌላው ዓለም ለዚህ ሥራ ክፍያ የሚቀበሉ የገንዘብ አማካሪዎች አሉ። ሶዶ ላይ «የጡረታ ምክር እንሰጣለን» የሚል ታፔላ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። ስለዚህ መምህሩ ያገኙትን በር ሁሉ አንኳኩ። መጀመሪያ አንድ አበዳሪ ተቋም ሄዱ። ምክር ፈልገው ነበር፤ የብድር ቅጽ ይዘው ወጡ። ቀጥሎ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ተገኘ፤ «ዶሴውን ለማንቀሳቀስ» 5,000 ብር ጠየቃቸው። ሦስተኛው የድሮ ተማሪያቸው ነው። በስልክ የሚሠራ አዲስ ሥራ እንዳለ፣ ዛሬ የገባ ገንዘብ በሦስት ወር ሦስት እጥፍ እንደሚሆን ነገራቸው። መምህሩ ሒሳብ አስተማሪ ባይሆኑም ይህቺን ማወቅ አላቃታቸውም። በሦስት ወር ሦስት እጥፍ የሚሆን ነገር ቢኖር ያ ልጅ ደንበኛ ፍለጋ አይዞርም ነበር።

በነጻ የመከሯቸው ጎረቤታቸው ናቸው። ሰውዬው ጤና ረዳት ሆነው ኖረው ከዓመታት በፊት ጡረታ የወጡ ናቸው። አንድ ቀን ማለዳ ዳሞታ ተራራ ገና ጉም እንደለበሰ ሁለቱ በር ላይ ቆመው አወሩ።

«ስንት ብር አገኛለሁ ብለህ አትጠይቅ፣ መምህር። ስንት ዓመት አለኝ ብለህ ጠይቅ» አሉ ጎረቤትየው።

«ዓመቴንማ አውቀዋለሁ ጋሼ። 31።»

«አንተ ታውቀዋለህ። ወረቀቱስ ያውቀዋል?»

ጎረቤትየው ይህን የሚሉት ደርሶባቸው ነው። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር ሲቀራቸው ነበር የአራት ዓመት አገልግሎታቸው ማኅደራቸው ውስጥ እንደሌለ ያወቁት። ማስረጃ ፍለጋ ሲሯሯጡ ሦስቱ ወር አለቀ። አራቱ ዓመት ሳይታሰብ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ባንክ ሲሄዱ ያችን ጉድለት ይቆጥሯታል።

•••

መምህሩ በማግስቱ የሰው ሀብት ክፍል ሄደው የግል ማኅደራቸውን ለማየት ጠየቁ። ክፍያ የለውም፤ አንድ ማመልከቻ ብቻ። ማኅደሩ ሲከፈት የመጀመሪያው ወረቀት በ1993 ዓ.ም የተጻፈ የዝውውር ደብዳቤ ነው። ከዚያ በፊት ምንም የለም። ከ1987 እስከ 1993 ያሉት ስድስት ዓመታት፣ የወጣትነት ጉልበታቸውን የጨረሱባቸው፣ በእግራቸው ሁለት ሰዓት እየሄዱ ያስተማሩባቸው ዓመታት፣ ወረቀት ላይ አልነበሩም።

ስድስት ዓመት ምን ያህል እንደሚያወጣ ያሰላላቸው የሒሳብ አስተማሪ የሆነ ባልደረባቸው ነው። ተማሪዎች ከወጡ በኋላ ሰሌዳ ላይ ጻፈው። ሕጉ እንደሚለው ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ዓመት ሲሞላው እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ የወር አበል ያገኛል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የሚታሰብለት የደመወዙ 30 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ለስሌቱ የሚያዘው ደመወዝ ደግሞ የመጨረሻው ወር ሳይሆን የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ነው።

መምህሩ 60 ሲሞላቸው 36 ዓመት ያገለግላሉ። 30 ሲደመር 26 ጊዜ 1.25፣ 62.5 በመቶ ይመጣል። ስድስቱ ዓመት ካልተገኘ 30 ዓመት ብቻ ይቀራቸዋል፤ 55 በመቶ። ለስሌት እንዲመች አማካይ ደመወዛቸው 16,000 ብር ነው ቢባል፣ በመጀመሪያው ስሌት በወር 10,000 ብር፣ በሁለተኛው 8,800 ብር ያገኛሉ። ልዩነቱ በወር 1,200፣ በዓመት 14,400 ብር ነው። ያውም ሰውየው በሕይወት እስካሉ ድረስ። እሳቸው ካለፉ በኋላም ልዩነቱ በግማሹ ባለቤታቸውን ይከተላል። ጥፋቱ የአንዲት የቅጥር ደብዳቤ መጥፋት ነው።

ሒሳብ አስተማሪው ሰሌዳውን ሳያጠፋ ሌላ ስሌት ጨመረ። «ዛሬ በ55 ቢወጡስ?» አለ። የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ በመስከረም 2018 ዓ.ም ተሻሽሏል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ጀማሪ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ነገር ግን የሚታሰበው የሦስት ዓመት አማካይ ስለሆነ ጭማሪው ከተደረገ በኋላ ወዲያው የሚወጣ ሰው ጭማሪውን ሙሉ በሙሉ አያገኘውም። አሁንም ለስሌት እንዲመች፣ ሁለቱን ዓመት በ10,000 ብር፣ አንዱን ዓመት በ16,000 ብር የሠራ ሰው አማካዩ 12,000 ብር ነው። ስድስቱ ዓመት ተገኝቶ 31 ዓመት ቢታሰብላቸው እንኳ 56.25 በመቶ፣ ማለትም 6,750 ብር ይሆናል። አምስት ዓመት ቢታገሡና ደመወዙ ከዚያ በኋላ ምንም ባይጨምር 10,000 ብር።

መምህሩ ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩ። ያን ቀን ተበሳጭተው ማመልከቻ አስገብተው ቢሆን ኖሮ በየወሩ 3,250 ብር ጥለው ይወጡ ነበር። ይህን ለማወቅ የፈጀባቸው ሃያ ደቂቃና አንድ ጠመኔ ነው።

•••

የጠፋውን ወረቀት ፍለጋ ግን ከዚያ በላይ ፈጀ። መምህሩ በአንድ ቅዳሜ መኪና ተሳፍረው ወደ መጀመሪያ ትምህርት ቤታቸው ሄዱ። ትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ሠርቷል፤ የድሮውን መዝገብ የሚያውቅ ሰው የለም። የወረዳው መዝገብ ቤትም ቅጥር ደብዳቤውን አላገኘውም። «ሰኞ ይምጡ» ተባሉ፤ ሰኞ ክፍል አላቸው። ለሌላ ጊዜ ተቀጠሩ።

ፍንጩን የሰጧቸው በ1987 ዓ.ም አብረዋቸው የተቀጠሩ፣ አሁን ቦዲቲ የሚኖሩ መምህርት ናቸው። በዚያ ዘመን አንድ የቅጥር ደብዳቤ የብዙ ሰው ስም ይዞ ይወጣ ነበር። መምህርቷ ደግሞ ወረቀት የማይጥሉ ሰው ናቸው። ከአልጋ ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ጎትተው አወጡ፤ ከሠርግ ፎቶና ከልጆች ክትባት ካርድ በታች ደብዳቤው ተጣጥፎ ተቀምጧል። የመምህሩ ስም በተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ነበር። ፎቶ ኮፒ ተደረገ፣ ቡና ተጠጣ።

ደብዳቤው መቀጠራቸውን ያሳያል፤ ደመወዝ እየተቀበሉ መሥራታቸውን ግን የሚያሳየው ፔሮል ነው። የወረዳው ፋይናንስ ግምጃ ቤት ውስጥ የድሮ ፔሮል በጆንያ ታስሮ ተከምሯል። ከሠራተኛው ጋር ሁለት ቀን ሲያገላብጡ ዋሉ። የአራት ዓመቱ ተገኘ፤ የጡረታ መዋጮ የተቆረጠበት ዓምድ ሳይቀር ይነበባል። የሁለቱን ዓመት ግን ዝናብና ምስጥ ተካፍለውታል።

ስለዚህ ታሪኩ በሙሉ ድል አላለቀም። አራቱ ዓመት ማኅደሩ ውስጥ ገብቷል። በዚህ ስሌት 60 ሲሞላቸው 34 ዓመት፣ 60 በመቶ፣ ለ16,000 ብር አማካይ ደመወዝ 9,600 ብር ነው። ለሁለቱ ዓመት ደግሞ ገና አምስት ዓመት የፍለጋ ጊዜ አላቸው። ከጎረቤታቸው የሚለዩት በዚህ ብቻ ነው። ጎረቤትየው ሦስት ወር ነበራቸው።

የጉዞውና የፎቶ ኮፒው ወጪ ተደምሮ የአንድ ቅርጫ መደብ ዋጋ አልሞላም።

•••

የመምህሩ ባለቤት ገበያ ውስጥ ቅቤና ቅመም ይሸጣሉ። ባላቸው ወረቀት ሲያሳድዱ ዝም ብለው ሲያዩ ከርመው አንድ ማታ ጠየቁ፤ «ይሄ ሁሉ የአንተ ነው። የእኔስ?»

ጥያቄው ሁለት መልስ አለው። የመጀመሪያው ከባላቸው አበል ጋር የተያያዘ ነው። ባለ ጡረታው ሲሞት የትዳር ጓደኛ የአበሉን 50 በመቶ ታገኛለች። ለዚህም ሚስት መሆኗ በማስረጃ መረጋገጥ አለበት። ሁለቱ የተጋቡት በሽማግሌ ነው፤ ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ መርቆ። የጋብቻ የምስክር ወረቀት የሚባል ነገር ያን ጊዜ ያሰበ የለም። ወደ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ መዝጋቢዋ ቀና ብላ፣ «መቼ ነው የተጋባችሁት?» አለች። «27 ዓመታችን ነው» አሉ መምህሩ። ወረፋ የያዙት ወጣት ሙሽሮች ሳቁ። ባለቤታቸው ግን አልሳቁም። ገበያ ውስጥ ባሏ ሞቶባት በፍርድ ቤት ደጃፍ ሚስትነቷን ለማስረዳት ምስክር ስትለምን የከረመች ሴት ያውቃሉ።

እግረ መንገዳቸውን ሌላ ነገር ወጣ። የመምህሩ አባት ስም በቅጥር ደብዳቤው ላይ በአንድ ፊደል፣ በፋይዳ መታወቂያቸው ላይ በሌላ ፊደል ተጽፏል። የወላይታ ስም በአማርኛ ሲጻፍ ጸሐፊው እንደሰማው ነውና ይህ የብዙ ሰው ችግር ነው። አንዲት ፊደል አምስት ዓመት ሲቀር ማስተካከያ ትጠየቃለች፤ አምስት ቀን ሲቀር ግን አበል ታስቆማለች። የትውልድ ዘመንም እንዲሁ ነው። የሚታየው መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተመዘገበው ስለሆነ በኋላ የሚመጣ የልደት ወረቀት አይለውጠውም። ቀኑን ቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

ሁለተኛው መልስ ለባለቤታቸው የራሳቸው ነው፤ ከበድም ይላል። ደመወዝ የሌለው ሰው 7 በመቶ የሚቆርጥለት፣ 11 በመቶ የሚጨምርለት አሠሪ የለውም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ በ2003 ዓ.ም ሲወጣ መደበኛ ባልሆነ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች በፈቃዳቸው መታቀፍ እንዲችሉ በር ትቶላቸው ነበር። የቅቤ ተራ ሴቶች ግን ስለዚህ በር የነገራቸው ሰው የለም። እነሱ የሚያውቁት ዕቁብ ነው። ዕቁብ ደግሞ ጥሩ ሰብሳቢ እንጂ ጥሩ አስቀማጭ አይደለም። ዕጣው ሲወጣ ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ለሐዘን፣ ለዕቃ መሙያ ይሄዳል፤ ለእርጅና የሚተርፍ የለም።

ባንክ ማስቀመጡስ? የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው መጠን ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ 7 በመቶ ነው። በ2014 ዓ.ም አካባቢ ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። የብር ምንዛሪም በሐምሌ 2016 ዓ.ም ለገበያ ሲለቀቅ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ57 ብር ገደማ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ገባ። ለአሥር ዓመት የተቀመጠ ብር ቁጥሩ እንጂ ዋጋው አይጠበቅም። ባንክ የክፉ ቀን ገንዘብ ይያዝበት፤ የእርጅና ስንቅ ሁሉ ግን እዚያ አይከማች። ሴትየዋ ይህን በቅቤ ስለሚያውቁት ማስረዳት አላስፈለገም።

በመጨረሻ የደረሱበት ዕቅድ ትንሽ ነው። ዕቁቡ እንዳለ ይቀጥላል፤ ነገር ግን ሁለት ዕጣ ከደረሳቸው አንዱ ለጓሮ ሰርቪስ ክፍል ማሠሪያ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲም የክልል ማዕከልም ባለበት ከተማ ተከራይ አይጠፋም፤ ኪራይ ደግሞ ከዋጋ ጋር አብሮ ይጨምራል። ጥቂት ብር በየወሩ በመምህራኑ የቁጠባና ብድር ማኅበር ይገባል፤ የማኅበሩ ዓመታዊ የኦዲት ሪፖርት መኖሩን ከጠየቁ በኋላ። የአክሲዮን ነገርም ተነስቶ ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም ለሕዝብ ያቀረበው ድርሻ ዝቅተኛው 33 አክሲዮን፣ እያንዳንዱ በ300 ብር፣ በድምሩ 9,900 ብር ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ለትርፍ ገንዘብ እንጂ ለምሳ ገንዘብ እንደማይሆን ተስማሙ። እንሰት ዛሬ ተተክሎ ዛሬ አይፋቅም፤ እነሱ ደግሞ የሚተክሉት ዘግይተው ነው። ስለዚህ የሚተክሉት ጥቂት ቢሆንም የሚጸድቅ መሆን አለበት።

•••

ወላይታ በኢትዮጵያ ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የአያት ማሳ ለአባት፣ የአባት ማሳ ለልጆች ሲከፈል ከቤት ጓሮ የማይበልጥበት ቤተሰብ ብዙ ነው። ድሮ የእርጅና ምርኩዝ ልጅና መሬት ነበሩ። አሁን መሬቱ ጠቧል፣ ልጁ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳና ከዚያም አልፎ ሄዷል። አቅም ላጡ አረጋውያን ሴፍቲኔት ቀጥተኛ ድጋፍ ይሰጣል፤ ለሕክምናም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ከመውደቅ የሚይዙ እንጂ ቆሞ የሚያስኬዱ አይደሉም። ደመወዝተኛው ያለው አበል በዚህ ዓይን ሲታይ ትልቅ ሀብት ነው። ትልቅ ሀብት ደግሞ በጆንያ ታስሮ ግምጃ ቤት አይጣልም።

እዚህ ላይ ጥያቄው የመምህሩ ብቻ አይሆንም። ከየሠራተኛው ደመወዝ በየወሩ 7 በመቶ የሚቆርጥ መሥሪያ ቤት፣ ሠራተኛው 50 ዓመት ሲሞላው አንድ ገጽ ወረቀት መስጠት ምን ያህል ይከብደዋል? «ይህን ያህል ዓመት ተመዝግቦልሃል፤ ይህ ይጎድልሃል፤ በዚህ ከቀጠልክ ይህን ያህል ታገኛለህ።» ሦስት መስመር። ዛሬ ደመወዝ በኮምፒውተር ይሠራል፤ መታወቂያ በጣት አሻራ ሆኗል። መዋቅር ሲቀየር ወንበርና መኪና በርክክብ ሰነድ ይተላለፋል። የሰው ዕድሜ የተጻፈበት ዶሴም ቢያንስ እንደ ወንበሩ መቆጠር አለበት።

መሥሪያ ቤቱ እስኪነቃ ግን ዓመታቱ አይጠብቁም። ጡረታ በራሱ ከዋጋ ንረት ጋር አይጨምርም፤ መንግሥት ማስተካከያ ሲያደርግ ብቻ ነው የሚጨምረው። የጎረቤትየው አበል የተሰላው በድሮ ደመወዝ ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም ሠራተኛው ሲጨመርለት እሳቸው በሬዲዮ ሰሙት። ከመነሻው የተሸራረፈ አበል በኋላ በምንም አይሞላም።

•••

መምህሩ አሁን ያወቁትን አንድ ወረቀት ላይ ጽፈው የመምህራን ማረፊያ ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል። እንዲህ ይላል፦

1. ማኅደርህን ዛሬ አስወጥተህ እይ። የቅጥር ደብዳቤ፣ እያንዳንዱ ዝውውር፣ እያንዳንዱ እድገት መኖሩን አረጋግጥ። ኮፒው ቤትህ ይቀመጥ።

2. ክፍተት ካለ አብረውህ የተቀጠሩትን ፈልግ። የወረዳ ፋይናንስ የድሮ ፔሮል ጠይቅ።

3. ስምህና የአባትህ ስም በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ይሁን። ጋብቻህንና የልጆችህን ልደት አስመዝግብ።

4. ስሌቱን ራስህ ሥራው። 30 በመቶ ለአሥር ዓመት፣ 1.25 ለየዓመቱ፣ በሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ። ከዚያ ወደ ማኅበራዊ ዋስትናው ቅርንጫፍ ሄደህ አመሳክር።

5. አገልግሎትህ አይያዝም ከተባልክ ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቅ። የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ የሚባል አለ። ጠበቃ መቅጠር ካልቻልክ በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጥ ነጻ የሕግ ድጋፍ አለና ጠይቅ።

6. በግል ድርጅት የሠራህበት ዘመን ካለ አትተወው። ከ2003 ዓ.ም ወዲህ መዋጮ የተከፈለበት የግልና የመንግሥት አገልግሎት ይደመራል።

7. ገንዘብ ሊያበዛልህ ወይም ዶሴህን ሊያንቀሳቅስልህ የመጣ ሰው ካለ ቡና ጋብዘህ ሸኘው።

የመጀመሪያው አንባቢ ማኅደሩን ለማየት የሄደው በሳምንቱ ነው። ለጊፋታ ሰንጋ አብረው የሚያዋጡት አሥር መምህራን ደግሞ መዋጮ በሚሰበሰብበት ቀን እያንዳንዱ የዶሴውን ኮፒ ይዞ እንዲመጣ ተስማምተዋል። አንዱ የጎደለውን ሌላው ያስታውሰዋል፤ ዓመተ ምሕረት ይጠያየቃሉ፤ «አንተ እኮ ያን ጊዜ ሁምቦ ነበርክ» ይባባላሉ። ከፋይ የለ፣ ተከፋይ የለ።

የመምህሩ ልጅ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ትሠራለች። ለበዓል ስትመጣ አባቷ የደመወዝ ወረቀቷን አሳይኝ አሏት። 7 በመቶው መቆረጡን አዩ፤ የአሠሪዋ 11 በመቶ ገቢ መደረጉንም እንድትጠይቅ፣ የጡረታ መለያ ቁጥሯንና የቅጥር ደብዳቤዋን ኮፒ ሥራ ብትቀይርም እንዳትጥል ነገሯት። ልጅቷ ሳቀች።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ገና 24 ዓመቴ ነው።»

«እኔም የተቀጠርኩት በ24 ዓመቴ ነው» አሉ መምህሩ። ከዚያም ሳጥናቸውን ከፍተው፣ ከራሳቸው ደብዳቤዎች ጎን፣ ለእሷ ቦታ አበጁላት።